ከግራ ሦስተኛው ዲስክ

ጥቅምት 6

ለማከብርህ አጎቴ፣

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ሌት ተቀን የሚያንጠባጥበው ቧንቧህ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው። እናቴን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምንም አልሆነችም። «ወንድሜ ወፈረ ወይስ ከሳ ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላለች። ይኸው ጠየቅኩ።

ላለፈው ደብዳቤዬ መልስህ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቁም ነገር በስልክ አይወራም፣ በወረቀት ነው የሚጻፈው የምትል ሰው ስለሆንክ ታግሼ ጠበቅኩ። በእጅህ ጽፈህ ፎቶውን እስክትልክልኝ ግን ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የከረመው።

ዛሬ የምጽፍልህ ለምክር ነው። የድምፅ ቤተ መጻሕፍታችንን ታውቀዋለህ፤ ለማያዩ ተማሪዎች መማሪያ መጻሕፍት እያነበብን እንቀዳለን፣ እነሱ በስልካቸው ይሰማሉ። ቅጂዎቹ የሚከማቹበት፣ ሰርቨራችን ብለን የምንጠራው እስካሁን ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ከፎቶ ኮፒው ጎን ወለል ላይ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛዋ ልትወለውል ስትል ሶኬቱን ነቀለችውና ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ተማሪ ግማሽ ቀን ሳይሰማ ዋለ። እሷን ምን እላታለሁ? ጥፋቱ ሰርቨር ወለል ላይ ያስቀመጠው ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍቱ ተቀይረዋል። ተማሪዎቹ ግንቦት ላይ ይፈተናሉ፤ ከዚያ በፊት ከአርባ በላይ አዲስ መጽሐፍ መቀዳት አለበት። አሮጌው ማሽን ይህን አይችልም። አንድ የማተሚያ ቤት ባለቤት ደግሞ ጥሩ ገንዘብ ሰጥተውናል፣ ግን አንዴ ብቻ ነው። ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ከውጭ ድርጅት አንድ ሙሉ ሰርቨር በወር ኪራይ መያዝ ነው፤ ማሽኑ የነሱ፣ ሲበላሽ የሚጠግኑትም እነሱ። ሌላው የራሳችንን ማሽን ገዝተን እንደ አንተ መሥሪያ ቤት የብዙ ሰው ሰርቨር በሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ቦታ ብቻ መከራየት ነው። መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ኢንተርኔቱን ይሰጡናል። ማሽኑ ግን የኛ ነው፣ ጣጣውም የኛ።

ኮሚቴው እስከ ወሩ መጨረሻ አጥንተሽ አቅርቢ ብሎኛል። አንተ ሃያ ዓመት በነዚህ ማሽኖች መካከል የኖርክ ሰው ነህ። ምን ትላለህ?

የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 19

ለእመት ለምን፣

ሰላምሽ ይብዛ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽን አልወፈረም አልከሳም፣ እንደ ድሮው ነው በያት። «ሬድዮ ውስጥ ያለው ሰውዬ ለምን አይርበውም?» እያልሽ መግቢያ መውጫ ስታሳጪኝ ያወጣሁልሽ ስም እስከ ዛሬ ይሠራል። ዘንድሮም በጥያቄ መጣሽ፣ ደስ ብሎኛል።

መልሴ አጭር ነው፤ ግዢ። ምክንያቱ ግን ረጅም ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

እኔ እዚህ አገር ስድስት ቤት ተከራይቻለሁ። አንዱ አከራይ ግድግዳው ላይ ሚስማር አትምታ አለኝ። ሁለተኛዋ ሽንኩርት አትጥበስ፣ መጋረጃው ይሸታል አለችኝ። ሦስተኛው ልጄ ሊገባበት ነው ብሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቃዬን አስወጣኝ። ኪራይ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ ፈገግ ያለልሽ ድርጅት ነገ ዋጋ ጨምሬያለሁ ሲልሽ ስድስት መቶ ልጅ አዝለሽ የት ልትሄጂ ነው? የናንተ ነገር ደግሞ ድምፅ ነው፣ ድምፅ ቦታ ይበላል። ትልልቅ ዲስክ ሲከራዩት በየወሩ ነው የሚያስከፍለው፤ ሲገዙት አንዴ ከፍለው ይገላገሉታል።

የኛን አዳራሽ አይተሽው አታውቂም። መደርደሪያዎቹ ቁመታቸው ከኔ ይበልጣል፣ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፣ በመካከላቸው ቀዝቃዛ አየር ከወለሉ ሽቅብ ይነፍሳል። ጫጫታው እንግዳ ሰው ያደነቁራል። እኔ ግን በረድፉ ሳልፍ የቱ ማሽን ማራገቢያው ሊሞት እንደደረሰ በድምፁ አውቃለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። በሁለተኛው ቀን ማሽኑ ሲሞት ግን «ቀጥሎስ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል።

መሥሪያ ቤታችን ሦስት ዓመት የሠሩ ማሽኖችን እያወጣ ለሠራተኛ በቅናሽ ይሸጣል። አንዱን ጥሩ መርጬ እገዛላችኋለሁ። አዲስ ዲስክ አራት እንጨምርበታለን፣ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ቦታውን በኔ ስም እከራየዋለሁ። ሲበላሽ ማን ይነካዋል ብለሽ ደግሞ እንቅልፍ አትጪ። እኔ እያለሁ ባዕድ እጅ አይነካውም።

መልሱን ስላዘገየሁት አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 29

ለውድ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብዳቤህን ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። የሽንኩርቷ አከራይ ጋ ስደርስ ሊቀመንበሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሳቸውም ተከራይ ናቸው።

ያልሳቀችው ገንዘብ ያዣችን ብቻ ናት። እሷ ከተወለደች ጀምሮ አታይም፤ የማይታያት ነገር ግን የለም። «ይሄ ማሽን ቤቱ የኛ ሆኖ መሬቱ የሰው ነው» አለች። «አንድ ነገር ሲሆን በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል። አጎትሽ ቢታመምስ? ሥራ ቢለቅስ? ከሱ ሌላ የሚነካው አለ?» አጎቴ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ታምሞ አያውቅም አልኳት። «ታዲያ ተራው ደርሷል ማለት ነዋ» ብላ ወረቀቷን አጠፈች።

ያም ሆኖ በድምፅ ብልጫ ያንተ ሐሳብ አለፈ። ሒሳቡ ላንተ ይመሰክራል። ኪራዩ በሦስት ዓመት የማሽኑን ዋጋ እጥፍ ይወስዳል፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደግሞ በየወሩ አይሰጡንም። ገንዘቡ በዚህ ሳምንት ይደርስሃል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፊደልህ ለምን እንዲህ ተለቀ? እናቴ ደብዳቤህን አይታ «ወንድሜ የማስታወቂያ ሠዓሊ ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 14

ለእህቴ ልጅ፣

ለአንቺም ለቤቱም ጤና እመኛለሁ። ማሽንሽ ገብቷል። አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ። ከላይ ወይም ከታች ርካሽ ቦታ ነበረ፤ እኔ ግን እጄ በቀላሉ የሚደርስበትን መረጥኩ። ብሎኑን ሁሉ በካቻቢቴ አጥብቄ ከጨረስኩ በኋላ አንድ በአንድ በጣቴ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። ፎቶም ልኬልሻለሁ።

ዲስኮቹ ከፊት ለፊት በአንድ መስመር ተደርድረዋል። አራቱ ተደጋግፈው ነው የሚሠሩት። አንዱ ቢሞት ሦስቱ ይሸከሙታል፤ ሁለት ከጎደለ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። ስለዚህ ማሽኑ አንዱ ዲስክ ታመመ ካለሽ ቶሎ ንገሪኝ፣ ሳይነጋ እቀይረዋለሁ።

ስለ ፊደሌ፣ ብዕር ቀይሬ ነው። ወፍራም ብዕር ነው፣ ሲጽፉበት ያምራል። አንቺ የድምፅ ሰው ሆነሽ በፊደል መነታረክሽ ምን ይባላል?

ገንዘብ ያዣችሁን ሰላም በያት። ሰውዬው አልታመመም በያት።

አጎትሽ


መጋቢት 8

ለምወድህ አጎቴ፣

እንዴት ነህ ጋሼ? ድምፅህን ካጣነው ቆየን። ለጥር ደብዳቤዬ አልመለስክልኝም፤ የላክኸው ፎቶ ግማሹ ጣሪያ ስለሆነ በሱ ስቀንብሃል፣ ተቀይመህ ይሆን?

እዚህ ግን ደስታ ነው። ማሽንህ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም። ሠላሳ ስምንት አዲስ መጽሐፍ ተቀድቷል። ሦስት በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ድምፃቸው እስኪሻክር ሠርተዋል፤ እኔም ባዮሎጂውን አንብቤያለሁ። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትናንት ደወለችልኝ። ሕግ ነው የምማረው የምትል ናት፣ ከአሁኑ ጀምራዋለች። «ጂኦግራፊ ምዕራፍ አራት ላይ አንባቢዋ አስነጥሳለች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም» ብላ ከሰሰችልኝ። ይቅርታውን በአንባቢዋ ስም እኔ ጠየቅኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ዛሬ ጠዋት ማሽኑ መልእክት ላከልኝ። ከግራ ሦስተኛው ዲስክ ሞቷል። ቀይ መብራት ይበራበታል፣ ጤነኞቹ ላይ አረንጓዴ ነው። መጠባበቂያው ዲስክ አንተ ጋ አለ። እባክህ ጋሼ በዚህ ሳምንት ቀይርልኝ። የታኅሣሥ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ የተቀዱት ሠላሳ ስምንቱ መጻሕፍት ግን ያሉት እዚያ ማሽን ላይ ብቻ ነው። የቅጂው ዲስክ ሞልቶብኝ ሌላ እገዛለሁ ስል ሳልገዛ ቀረሁ። ስንፍናዬ ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም።

የእህትህ ልጅ


መጋቢት 14

ጋሼ፣

ጤናህን ያሰማኝ። ለረጅም ሰላምታ ጊዜ የለኝም፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ማሽኑ ቆመ። ስልክ ደወልኩ፣ አታነሳም። በማግስቱም አታነሳም። ሁለት ቀን ሙሉ ተማሪዎቹ ሲደውሉ «ትንሽ ታገሡ» እያልኩ ዋልኩ። ፈተናው ሁለት ወር ተኩል ነው የቀረው። ሐሙስ ዕለት የአዳራሹን የደንበኞች ስልክ ፈልጌ አገኘሁና አንድ የፈረቃ ሠራተኛ ሄዶ አየልኝ። ለሰዓቱ አስከፍሎናል፣ ያስከፍለን። እሱ አጥፍቶ ሲያስነሳው ማሽኑ ተነሣ። መጻሕፍቱ አሉ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሰማኋቸው፣ ሁሉም አሉ።

ከዚያ የማሽኑን መዝገብ አነበብኩ። ማሽን የተነካበትን ሰዓት ሁሉ ይጽፋል። የሞተው ሦስተኛው ዲስክ እስካሁን ቦታው ላይ ነው። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የተነቀለው ጤነኛው ሁለተኛው ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ገብቷል።

አልተቆጣሁም። ምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።

የእህትህ ልጅ


መጋቢት 20

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ተሳስቻለሁ። ሰው ነኝ፣ ሰው ይሳሳታል። ለሠራተኛው የከፈላችሁትንና በላዩ ለካሳ የሚሆን ገንዘብ ዛሬ ልኬያለሁ። ማሽኑ ከእንግዲህ በሌላ ሰው ይነካ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 24

ለምወድህ፣ ለማከብርህ አጎቴ፣

ገንዘብህን መልሼ ልኬዋለሁ። ካሳ የሚከፍለው ባዕድ ነው።

ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ሰርቨር በኪራይ እንዲያዝ ወስኗል። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው ብዬ ነው። አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የሚነካው ማሽን ላይ ስድስት መቶ ተማሪ መጫን ስህተት ነበር፣ ስህተቱም የኔ ነው። ጉንፋን ቢይዝህ፣ ቁርጭምጭሚትህ ወለም ቢልህ ያው ነበርን። ገንዘብ ያዣችን ይህን ጥቅምት ላይ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ግን ሒሳቡን ብቻ ነበር የማየው። ለኪራዩ ደግሞ እሷው ሦስት ትምህርት ቤቶችን ለምና በየወሩ እንዲያዋጡ አድርጋለች። ለምና አልኩ እንጂ አስጨንቃ ነው።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለህ አንብበው። እንዴት አድርገህ እንደምታነበው አላውቅም፤ ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩትም ይህንኑ ልጠይቅህ ነው።

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የምውለው ከማያዩ ሰዎችና ማየታቸው እየቀነሰ ካለ ሰዎች ጋር ነው። የማያይ ሰው አይደብቅም። እየቀነሰበት ያለ ሰው ግን ይደብቃል፣ አደባበቁንም በደንብ አውቀዋለሁ። ፊደሉ እየተለቀ ይሄዳል፣ ሲጠየቅ ብዕሩ ነው ይላል። የሚያነሳው ፎቶ ግማሹ ጣሪያ ይሆናል። ዕቃ ሲያስቀምጥ እጁ የለመደው ቦታ ይመርጣል፣ በጣቴ ዳስሼ አረጋገጥኩ ይላል። ሁለት ገጽ ለመጻፍ ሳምንታት ይፈጅበትና ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላል። ለእናቴ እያተምኩ ያኖርኳቸውን ደብዳቤዎችህን ትናንት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በተራ አየኋቸው። የጥቅምቱ በገጽ ሃያ መስመር አለው። የመጋቢቱ ሰባት።

ራሴን ታዘብኩት ጋሼ። የሰፈር ሰው ብትሆን በሳምንቱ አውቅብህ ነበር። የገዛ አጎቴ ስለሆንክ አልታየኝም። አለቀስኩ፣ ለእናቴም አልነገርኳትም።

ምን ያህል ይታይሃል?

የእህትህ ልጅ


ሚያዝያ 9

ለእህቴ ልጅ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ይህ ደብዳቤ ሃያ ምናምን ገጽ ሆኖ ቢደርስሽ አትደንግጪ። በማርከር ነው የምጽፈው፣ በገጽ አምስት መስመር። ያንቺን ደግሞ ስልኬ ላይ ፊደሉን አተልቄ በዓይኔ ጠርዝ ነው የማነበው። አንድ ሳምንት ወሰደብኝ። ከእንግዲህ ምኑን ልደብቅ።

የሚታየኝ ዳር ዳሩ ነው። ፊት ለፊት ያለው ነገር መሀሉ የለም። ሰው ሳይ ጆሮውንና ትከሻውን አያለሁ፣ ፊቱ ያለበት ቦታ ግን ግራጫ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። ሲጀምረኝ የመነጽር ነገር ነው ብዬ ሦስት መነጽር ገዛሁ። ሦስቱም መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ባለፈው መስከረም አለቃዬ ጠርታ ከአዳራሹ አወጣችኝና ዕቃ መረከቢያ አስገባችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደሞዜንም አልነካችም። ምድር ቤት ሆኜ ካርቶን እረከባለሁ። አንቺ ጥቅምት ላይ ምክር ስትጠይቂኝ ከአዳራሹ ከወጣሁ ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ግዢ ያልኩሽ ኪራይ ስለምጠላ ብቻ አይደለም። ማሽንሽ እዚያ ካለ በስሜ የደንበኛ መታወቂያ ይሰጠኛል፣ ወደ አዳራሹ እንደገና እገባለሁ ብዬ ነው። የሰጠሁሽ ምክር ለአንቺ አልነበረም። ለኔ ነበር። ስድስት መቶ ልጅ ላይ ነው የቆመርኩት፣ ይህን ካሰብኩ ጀምሮ ምግብ አይበላልኝም።

ማክሰኞ እንዲህ ሆነ። መጠባበቂያውን ዲስክ ይዤ ገባሁ። ቀዩን መብራት ፈለግኩ፤ ለኔ ሁሉም አመድ ነው። ረድፉ ላይ የነበረውን ልጅ «እስቲ ቀዩ የቱ ነው?» ብለው ኖሮ በአንድ ሰከንድ ያልቅ ነበር። ሃያ ዓመት ሌሎቹ እኔን ሲጠይቁ የኖሩበት ቦታ ላይ እሱን መጠየቅ አቃተኝ። ስለዚህ በጣቴ ከግራ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ነቀልኩ። የመጀመሪያው አንድ ያልኩት ግን የማሽኑ እጀታ ነበር። ዲስክ መስሎኝ ቆጠርኩት። ማሽኑ ሲሞት በጆሮዬ ሰማሁት፤ ማራገቢያዎቹ አንዴ ጮኸው ወረዱ። ብዙ ከዳበስኩ በኋላ መልሼ ሰካሁት፣ አልተነሣም። ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ግንብ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ የስልኬን ድምፅ ዘጋሁ። እንደምትደውዪ እያወቅሁ ዘጋሁት። ይቅር በይኝ።

ኪራዩን ያዢ። ልክ ነሽ፣ ያቺ ገንዘብ ያዥም ልክ ናት። ስትዋዋሉ ግን ዝም ብለሽ እንዳትፈርሚ። ዲስክ ሲሞት በስንት ሰዓት እንደሚቀይሩ ይጻፉልሽ፤ «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ወረቀት ወረቀት አይደለም። ማሽኑ ሲቀየር በውስጡ ያለው ነገር የማን ኃላፊነት እንደሆነ ጠይቂ፣ የኛ አይደለም ይሉሻል፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ አኑሪ። ለዚህ ያ ማሽን ይሆንሻል። እዚያው ይቀመጥ፣ ዲስኩን የፈረቃ ሠራተኛ ይቀይረው፣ ለሰዓቱ እኔ እከፍላለሁ። መጻሕፍቱን ግን ዛሬውኑ መቅዳት ጀምሪ። አሁን በሦስት ዲስክ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። አለቃዬ ናት የወሰደችኝ። የጠፋው አይመለስም አለ፤ ያለው እንዲቆይ ዓይን ላይ የሚሰጥ መርፌ ጀምሮልኛል። ዓይኔ ላይ መርፌ ሲመጣ ምን እንዳልኩ ለእናትሽ አይነገርም። ሌላውን ግን ንገሪያት። እኔ አፌን ብከፍት ድምፄ ይሰበራል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የገንዘብ አይደለም። ባዮሎጂውን አንብቤያለሁ ብለሽ ነበር። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዓይን የሚናገር ምዕራፍ ይኖራል። ሐኪሙ ፈጠን ፈጠን ብሎ አስረድቶኛል፣ ግን የሚሠራበትን መንገድ ሳላውቅ የተበላሸ ዕቃ ተሸክሜ መዞር አልወድም። ያቺን ምዕራፍ ላኪልኝ። ደንበኛ ለመሆን ፎርም የሚሞላ ከሆነ ሙዪልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 4፤ በድምፅ የተላከ

ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ነው የማነብልህ፣ ቁም ነገር ይጻፋል ስለምትል። ከጀርባ የምትሰማው እናቴን ነው፤ ዝም በይ ብያታለሁ፣ አልሰማችኝም። «መርፌው ሲመጣ ምን አለ?» እያለች ነው። ጋሼ፣ አልነገርኳትም።

መጀመሪያ መጻሕፍቱ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን መቅዳት ጀመርኩ። በኛ ኢንተርኔት ስድስት ቀን ፈጀ። ስድስቱንም ቀን ያ ማሽን በሦስት ዲስክ ሲሠራ እኔ ገንፎ እንደሚያማስል ሰው አጠገቡ ቆሜ ከረምኩ ማለት ይቻላል፤ የመጨረሻው ፋይል ሲያልቅ ገንዘብ ያዣችንን አቅፌ አነሳኋት። አውርጂኝ አለችኝ። አሁን ሁሉም በኪራዩ ሰርቨር ላይ ነው። ያንተው ማሽን ደግሞ አዲስ ዲስክ ገብቶለት ሁለተኛውን ቅጂ ይዞ አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ለሰዓቱ እንድትከፍል ኮሚቴው ፈቅዶልሃል፤ እምቢ ብንልህ ደብዳቤ ልትጽፍ ነው ብለን ፈራን።

ግንቦት አጋማሽ ላይ በኪራዩ ሰርቨር አንድ ዲስክ ሞተ። ተማሪዎቹ ለፈተና ሊቀመጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው። መልእክቱን ሳየው ውሉን አውጥቼ በስንት ሰዓት እንደሚቀይሩ የጻፉበትን መስመር ፈለግኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ መልእክት መጣ፤ ተቀይሯል ይላል። ማን እንደቀየረው አላውቅም፣ ስሙንም አልነገሩኝም። ተማሪዎቹ ምንም አልሰሙም። ያቺ ሕግ እማራለሁ የምትለው ተማሪ ከፈተናው ወጥታ ደውላልኝ «ከምዕራፍ አራት ሁለት ጥያቄ መጥቷል፣ ያስነጠሰችውን ሰላም በይልኝ» አለችኝ።

ፎርሙን ሞልቼልሃለሁ። የአድማጭ ቁጥርህ ስድስት መቶ አርባ ነው። ሥራ በሚለው ላይ የማሽን ባለሙያ ብዬ ጻፍኩ። ገንዘብ ያዣችን ፎርሙን ሳነብላት «በመጨረሻ መጣህ በይው» አለች፣ ከዚያ ደግሞ ስልክህን ጠየቀችኝ። አግኛት፤ ከሷ የምትማረው ብዙ ነው፣ እሷም መጨቃጨቅ ትወዳለች።

ምዕራፉን ከፍተህ ትሰማዋለህ፣ ግን አንዱን ክፍል አሁን በራሴ ላንብብልህ። እኛ ሥዕል ሲያጋጥመን በቃል እንናገረዋለን፣ ደንባችን ነው። የዓይንን ሥዕል ስናገር እንዲህ ነው ያልኩት።

«ሥዕሉ ዓይን ለሁለት ተሰንጥቆ ከጎን ሲታይ ያሳያል። ክብ ነው፣ በግራ በኩል ትንሽ ወደ ውጭ ያበጠ። ያበጠው ፊቱ ነው፣ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ኋላ መሀሉ ቀዳዳ ያለው መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ኋላ እንደ ምስር ፍሬ በሁለቱም በኩል የጎበጠ ግልጽ ነገር አለ፤ ሌንስ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ውኃ በሚመስል ነገር የተሞላ ሰፊ ክፍል ነው። የክፍሉን የኋላ ግድግዳ ዙሪያውን የለበሰ ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና እሱ ነው። የሬቲናው መሀል ላይ በጣት ጫፍ የተጫነች የምትመስል ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለች። ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው በዋናነት በሷ ነው።»

ለተማሪዎቹ የቀዳሁት እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀጥለው መጽሐፉ ላይ የለም፣ ለአድማጭ ቁጥር ስድስት መቶ አርባ የጨመርኩት ነው። አንተ ጋ የተበላሸችው ያቺ ነጥብ ናት ጋሼ። በዙሪያዋ ያለው ግድግዳ በሙሉ ይሠራል።